በማርኬቲንግ ኤጀንሲ የሠራችሁ፣ የሥራ ባህሉን እንዴት አገኛችሁት?

መንገደኛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የምሠራው በአንድ አምራች ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ማስታወቂያዎቻችንን ከሚያዘጋጁልን ኤጀንሲዎች ጋር የምገናኘው በደንበኛ ወገን ሆኜ ነው። በቅርቡ አንድ መካከለኛ መጠን ያለው ኤጀንሲ በአካውንት ማኔጀርነት፣ ማለትም በደንበኛውና በኤጀንሲው ሠራተኞች መካከል ሆኜ ሥራውን እንዳስተባብር፣ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ ገልጾልኛል። ደመወዙ ከአሁኑ የተሻለ ነው፤ ሥራውም ይስበኛል። የሚያሳስበኝ የሥራ ባህሉ ነው።

የድርጅቱ የቀድሞና የአሁን ሠራተኞች የጻፏቸውን አስተያየቶች አንድ በአንድ አነበብኩ። ግራ ያጋባኝ፣ የሚያመሰግኑትም ሆኑ የሚያማርሩት የሚጠቅሱት ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ «ሥራው ፈጣን ነው፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ተምሬበታለሁ» ሲል፣ ሌላው «ሥራው ፈጣን ነው፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ጊዜ የለም» ይላል። አንዱ «እንደ ቤተሰብ ነን» ብሎ ያወድሳል፤ ሌላው ያንኑ አባባል በምሬት ይደግመዋል። በቃለ መጠይቁ ላይ የሥራ ሰዓቱን ስጠይቅ ሁለቱ ኃላፊዎች ተያይተው ፈገግ አሉና «እንደ ሥራው ሁኔታ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አላገኘሁም።

በኤጀንሲ ውስጥ የሠራችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። የሥራው ጫና በእርግጥ ከየት ነው የሚመጣው? ከደንበኛው ነው፣ ከአለቃው ነው ወይስ የሙያው ተፈጥሮ ነው? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ብጠይቅ ነው እውነተኛውን መልስ የማገኘው?

የድሮ አካውንት ማኔጀር

ከደንበኛ ወገን ስለሚመጡ አንድ ነገር አስቀድመው ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ኤጀንሲ የሚሸጠው የሰው ጊዜ ነው። በእኔ እምነት በኤጀንሲ ውስጥ የሚያዩት ባህል በአብዛኛው የሚወለደው ይህ ጊዜ ከተሸጠበት ውል ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መሪ ቃልም ሆነ የአለቃው ጠባይ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ኤጀንሲዎች ገቢ የሚያገኙት ደንበኛው ለጋዜጣ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከሚከፍለው ዋጋ ላይ በሚታሰብ ኮሚሽን ሲሆን፣ የተለመደው መጠንም 15 በመቶ ነበር። ጽሑፉና ዲዛይኑ በዚያው ኮሚሽን ውስጥ ተጠቃሎ ስለሚሠራ ደንበኛው ለብቻው የሚከፍልበት ሥራ መስሎ አይታየውም ነበር። ኮሚሽኑ እየቀረ ሲሄድ በወር የሚከፈል ቋሚ ክፍያና በሰዓት የሚታሰብ ዋጋ ተተኩ፤ ከእነርሱም ጋር ታይምሺት፣ ማለትም ሠራተኛው የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግብበት ቅጽ፣ መጣ። ማሻሻያ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሠራል የሚለው የደንበኞች ስሜት ግን ከዚያ ዘመን ተርፎ ዛሬም ያለ ይመስለኛል።

ይህ ስሜት በሠራተኛው ላይ ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ ላሳይዎት። የዘመቻው ሥራ ጸድቆ ሁሉም ፋይል ለስርጭት ተዘጋጅቷል። በሳምንቱ የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ሰው ኮምፒውተሩን ሊዘጋ ሲል፣ ከደንበኛው አንድ መልእክት ይመጣል፤ «ትንሽ ማስተካከያ አለችን፣ መሪ ቃሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ቃል ትቀየር።» ለጸሐፊው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ያቺ ቃል በትልቁ የመንገድ ቢልቦርድ ላይ አለች፤ ለማኅበራዊ ሚዲያ በተሠሩት በካሬውም በቁመቱም ምስሎች ላይ አለች፤ በቪዲዮው ግርጌ ጽሑፍ ውስጥ አለች፤ በሬዲዮ ማስታወቂያው ውስጥ ደግሞ በድምፅ ተነግራለች። አዲሱ ቃል ከቀድሞው ረዘም ካለ የቢልቦርዱ አደረጃጀት እንዳለ ይፈርሳል። ድምፅ ሰጪው ተመልሶ ስቱዲዮ መግባት አለበት፤ ስቱዲዮው ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይዟል። አካውንት ማኔጀሩ በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ «ይህ ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል» ብሎ ለደንበኛው ይናገራል፣ ወይ ዞሮ «ይቅርታ፣ ዛሬ ማደር አለብን» ብሎ ለዲዛይነሩ ይናገራል። የኤጀንሲው ባህል የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አካውንት ማኔጀሩ የመጀመሪያውን ቢመርጥ አለቃው ከኋላው ይቆማል ወይስ ደንበኛው ፊት ያዋርደዋል? እርስዎ የሚገቡበት ወንበር ይኸው ስለሆነ ይህን ጥያቄ አቅልለው አይዩት።

ሁለተኛው የማነሣው ነገር ታይምሺት ነው፤ ከውጭ ሲታይ ተራ የቢሮ ሥራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጤናማ በሆነ ቤት ሠራተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ከሠራ አሥራ አንድ ብሎ ይመዘግባል፤ በወሩ መጨረሻ ሥራው ከተሸጠበት ሰዓት በላይ እንደፈጀ በግልጽ ይታያል፤ ኃላፊዎቹም ያንን ይዘው ከደንበኛው ጋር ዋጋ ወይም የሥራ ወሰን ይደራደራሉ። በሌላው ዓይነት ቤት ግን «ከስምንት በላይ አትመዝግቡ፣ የፕሮጀክቱ በጀት ያልፋል» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ አይሰጥም፣ በጆሮ ይነገራል። ውጤቱ ሠራተኛውን ከመጉዳት አልፎ ድርጅቱን ራሱን የሚያታልል ነው። የሚቀጥለው ሥራ ዋጋ የሚወጣለት በዚያ በሐሰት በተመዘገበው ሰዓት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ እጥረቱ ከውል ወደ ውል እየተላለፈ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጫናው የማን ጥፋት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም፤ ደንበኛው የከፈለው በቂ ይመስለዋል፣ አለቃው ሠራተኛው ዘገምተኛ ይመስለዋል፣ ሠራተኛውም አቅም ያነሰው ይመስለዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «የሥራ ሰዓቱ ስንት ነው?» ብለው ባይጠይቁ ይሻላል፤ መልሱ ያው ፈገግታ ነው። ይልቁንስ ታይምሺት ላይ የሚመዘገበው የተሠራው ሰዓት በሙሉ ነው ወይስ ለደንበኛው የሚታሰበው ብቻ እንደሆነ፣ በውሎቻቸው ላይ ስንት ዙር ማሻሻያ እንደሚፈቀድና ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ለደንበኛው የሚነግረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ቀይ እስክሪብቶ

በማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅነት ነው የምሠራው። ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ ሁሉን ነገር በውል ላይ ማሳበቡ ግን አልተዋጠልኝም። በነበርኩበት አንድ ኤጀንሲ ሁለት የፈጠራ ቡድኖች ነበሩ። ደንበኞቻቸው ተመሳሳይ፣ ውሎቻቸውም በአንድ ዓይነት ቅጽ የተዘጋጁ ነበሩ። አንደኛው ቡድን ውስጥ የገባ ሰው ዓመታት ይቆያል፤ ከሌላው ቡድን ሰው ይሸሽ ነበር። ልዩነቱ የቡድን መሪዎቹ ነበር፤ በተለይ ሥራን የሚገመግሙበት መንገድ።

አንደኛዋ ኃላፊ ሥራ ሲቀርብላት መጀመሪያ ብሪፉን (ከሥራው የሚፈለገው ምን እንደሆነ የተጻፈበትን ወረቀት) ታወጣና ጮክ ብላ ታነባለች። ከዚያ «ይህ ሐሳብ ለዚህ ሰው የሚነግረው ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የማይሠራውን ስትጥል የጣለችበትን ምክንያት ትናገራለች፤ ስለዚህ ሥራህ ቢወድቅ እንኳ ለሚቀጥለው የምትይዘው ነገር ይኖራል። ሌላኛው ኃላፊ ወረቀቱን አየት አድርጎ «የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ይላል። ምን እንደሚጎድል አይናገርም፤ ምናልባትም አያውቀውም። ቡድኑ የጎደለውን ነገር ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ አማራጭ ሲደረድር ያድርና በማግሥቱ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። ያ ሌሊት የትኛውም ውል ውስጥ የለም፤ ደንበኛውም አልጠየቀውም። እጅና እግር የሌለው አስተያየት የወለደው ሌሊት ነው።

የስብሰባ ነገርም አለ። «ብሬይንስቶርሚንግ» የሚባለውን በቡድን ተሰብስቦ ሐሳብ የማፍለቅ ዘዴ ያስፋፋው አሌክስ ኦዝቦርን የማስታወቂያ ሰው ነበር፤ ቢቢዲኦ የተባለውን ኤጀንሲ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሐሳብ በሚፈልቅበት ሰዓት ትችት ይቆይ የሚለው ደንቡ በየኤጀንሲው ይጠቀሳል፤ ነገር ግን በ1958፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሙከራ፣ አራት ሰዎች በቡድን ተሰብስበው ካፈለቁት ይልቅ አራት ሰዎች ለየብቻ ሠርተው ሐሳባቸው ሲደመር የተሻለ ብዛት ተገኝቷል። ይህ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። በስብሰባው ላይ ሁለት ሰዎች ይናገራሉ፤ ሌላው አለቃውን ያያል። ያመሰገንኳት ኃላፊ መጀመሪያ ሁላችንንም ለብቻችን አስጽፋ፣ ወረቀቶቹን ስም ሳይጻፍባቸው ግድግዳ ላይ ታስለጥፍ ነበር። ተለማማጁ የጻፈው መስመር ለዘመቻው ሲመረጥ ማን እንደጻፈው የታወቀው ከተመረጠ በኋላ ነው።

የሥራው ባለቤትነትም እንዲሁ ነው። ሥራዎች ለሽልማት ሲላኩ የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር አብሮ ይላካል፤ ያ ዝርዝር ለጸሐፊና ለዲዛይነር የሚቀጥለው ሥራው መግቢያ በር ነው። በአንዳንድ ቤቶች ዘመቻው ሲሳካ በዝርዝሩ ላይ ስብሰባ እንኳ ያልገቡ ኃላፊዎች ስም ከላይ ይሰፍራል፤ ሌሊቱን ያደረው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል። ሠራተኛ ስለ ክፍያ ቢከፋ ይታገሣል፤ ስሙ ሲሰረቅ ግን ልቡ ያን ዕለት ይወጣል። እርስዎ የሚገቡት በአካውንት በኩል ቢሆንም፣ ከፈጠራ ክፍሉ አንድ ሰው ጋር ሳይነጋገሩ አይፈርሙ። በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ ዶይል ዴን በርንባክ የተባለውን ኤጀንሲ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ቢል በርንባክ ጸሐፊውንና አርት ዳይሬክተሩን (የምስሉን ሥራ የሚመራውን) ጎን ለጎን አስቀምጦ በማሠራቱ ይታወቃል፤ ከዚያ በፊት ጽሑፉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ወደ ሥዕል ክፍል ይላክ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች እንደዚያ ተለያይተው የቀሩት አካውንቱና ፈጠራው ናቸው፤ አንዱ ስለሌላው የሚናገረውን ቢሰሙ ስለ ቤቱ ብዙ ያውቃሉ።

ፒክሰል

ስለ «ቤተሰብ» ልጻፍ። በነበርኩበት ኤጀንሲ በየስብሰባው ቤተሰብ ነን ይባል ነበር። ከገቢው ብዙውን እጅ የሚያመጣው አንድ ትልቅ ደንበኛ ውሉን ባላደሰ ጊዜ፣ ብዙም ሳይቆይ ከዲዛይን ክፍሉ ሰዎች ተቀነሱ። ቅነሳውን አልቃወምም፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ከሌለ ምን ይደረጋል። የሚያንገበግበው ያ ቃል የሚመዘዘው ቅዳሜና እሑድ ሥራ ሲፈለግ ብቻ መሆኑ ነው። የደረጃ ዕድገቱ ተስፋም «ይህ ፕሮጀክት ይለቅ እንጂ» እየተባለ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ከገቢያቸው ምን ያህሉ ከአንድ ደንበኛ እንደሚመጣ ይጠይቋቸው። ቁጥሩን አይነግሩዎትም ይሆናል፤ ጥያቄውን እንዴት እንደሚቀበሉት ግን ያያሉ።

መዝገብ ቤት

እኔ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ፤ ኤጀንሲ ውስጥም ከኤጀንሲ ውጭም ሠርቻለሁ። ያነበቧቸውን አስተያየቶች እንዴት ቢያነቡ እንደሚሻል ጥቂት ልበል።

ስለ መሥሪያ ቤቱ ለመጻፍ የሚነሣው ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ አሁን የገባና የተደሰተ ነው፣ ወይ ተናዶ የወጣ ነው። በመሃል ያለው ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚሄደው አይጽፍም። ስለዚህ የኮከቦቹን አማካይ ትተው ቀኑንና ክፍሉን ይመልከቱ። ቅሬታዎቹ ሁሉ ከአንድ ክፍልና ከአንድ ወቅት ከሆኑ ጉዳዩ የአንድ ኃላፊ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ረገድ ቀይ እስክሪብቶ የጻፉት ትክክል ነው። በተለያዩ ዓመታት፣ ከተለያዩ ክፍሎች፣ ተመሳሳይ ቅሬታ ከተደጋገመ ግን አሠራሩ ራሱ ችግር አለበት። «አካባቢው መርዛማ ነው» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ «የዕረፍት ፈቃዴ ከጸደቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ» የሚለው ብዙ ይናገራል። ድርጅቱ ለቅሬታ የሚሰጠው መልስም መነበብ አለበት፤ «ይህ ሰው አቅም ስላልነበረው ነው» ብሎ በአደባባይ የሚመልስ አስተዳደር በዝግ ቢሮ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ምሬት የበዛበትን ጽሑፍም ቶሎ አይጣሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ላይ፣ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ውጥረት የሚመጣውን ዝለት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ሲያሰፍር ሦስት መገለጫዎችን ዘርዝሯል፤ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅ ወይም ሥራውን በአሉታዊና በተጠራጣሪ ዓይን ማየት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ። እንግዲህ ምሬቱ ራሱ የጫናው ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የድሮ አካውንት ማኔጀር የሰዓት ምዝገባውን ጉዳይ አጋነውታል ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ በጃፓኑ ግዙፍ የማስታወቂያ ድርጅት በዴንትሱ የደረሰውን ያስታውስ። በታኅሣሥ 2015፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የ24 ዓመት ወጣት ሠራተኛ ራሷን አጠፋች። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ሞቷ ከሥራ ብዛት የመጣ መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ ከመሞቷ በፊት በአንድ ወር ውስጥ የሠራችው ትርፍ ሰዓት ከ100 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ግን በድርጅቱ ከተፈቀደው ከ70 ሰዓት ጣሪያ ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ2017 ፍርድ ቤት ድርጅቱን ጥፋተኛ ብሎ የወሰነበት መቀጮ 500 ሺህ የን ነበር። ለእንዲህ ያለ ድርጅት ይህ ገንዘብ ምንም ማለት አይደለም፤ የቢሮው መብራት ማታ በአራት ሰዓት እንዲጠፋ ያደረገው ከቅጣቱ ይልቅ የሕዝቡ ቁጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥሮች ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ ከፍ እንደሚል ተመልክቷል። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለማስፈራራት አይደለም፤ «አንድ ሁለት ዓመት ጨክኜ ልሥራና ከዚያ እወጣለሁ» የሚሉ ወጣቶች ስለሚበዙ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚመጣ መልእክት ደንብ መኖር አለመኖሩንም ይጠይቁ። በፈረንሳይ ከጥር 2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ ሕጉ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ደግሞ ኤጀንሲው የራሱን ደንብ ማውጣት ይችላል፤ የሚያወጡ አሉ።

መንገደኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በደንበኛ ወገን ስቀመጥ «ትንሽ ማስተካከያ» ብዬ የላክኋቸው መልእክቶች ትዝ አሉኝ፤ ወደዚያ አልግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኃላፊዎቹ ሥራ እንደጀመርኩ ወዲያው አዲስ ደንበኛ ለማምጣት በሚደረግ ውድድር ውስጥ እንደምሳተፍ በደስታ ነግረውኛል። ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ልየው ወይስ እንደ ማስጠንቀቂያ?

የድሮ አካውንት ማኔጀር

ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ለውድድር የሚቀርብ ሥራ የኤጀንሲ ሕይወት እጅግ የሚያጓጓው ክፍል ነው፤ በሌላ ጊዜ በሩቅ የሚያዩዋቸው ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ሐሳብ ያለ ዙር ብዛት ይጸድቃል፣ ከታላላቆቹም በቀጥታ ይማራሉ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ጋባዡ ድርጅት ለተወዳዳሪዎቹ የማይከፍል መሆኑ ነው። ሰዓቱን የሚሸፍነው ማንም ስለሌለ በቀን ሥራ ላይ ተደርቦ ማታና በዕረፍት ቀን ይሠራል። ተሸንፎ ሲመለስ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ አንዳንዱ ጋባዥ ጭራሽ አሸናፊውን አስቀድሞ መርጦ ሌሎቹን ለወግ ያህል የጠራ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተወዳድረው ስንቱን እንዳሸነፉ፣ የማይወዳደሩባቸው ጥሪዎች እንዳሉና እምቢ የሚለው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የቀረበላቸውን ሁሉ የሚቀበሉ ከሆነ ሠራተኛቸውን ይጨርሳሉ። ከውድድር በኋላ የማካካሻ ዕረፍት የሚሰጡ ከሆነም፣ በቃል ካሉት በቅጥር ደብዳቤው ላይ ወይም ቢያንስ በኢሜይል እንዲያሰፍሩልዎ ይጠይቁ።

ቀይ እስክሪብቶ ስለ ቡድን መሪዎች ያነሡትንም እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ያ «የሆነ ነገር ይጎድለዋል» የሚለው ኃላፊ ያባከነው ሌሊት በታይምሺት ላይ በእውነት ቢመዘገብ ኖሮ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ዋጋው ስንት እንደሆነ ለአለቆቹ ይታያቸው ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ

በዚህስ እንስማማለን። እርሱ ግን ታይምሺቱንም የሚያጸድቀው ራሱ ነበር።

ፒክሰል

ለጠያቂው፦ ቀጣዩን ቀጠሮ ወደ ሥራ መውጫ ሰዓት እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ውይይቱ ሲያልቅም ዲዛይን ክፍሉን እንዲያስጎበኙዎት። ስንት ሰው ቦርሳውን አንሥቶ እንደሚወጣና የሚወጣውም አለቃው መኖሩን አይቶ እንደሆነና እንዳልሆነ እዚያው ያያሉ።